የጽጌ እንግዶችና የእመት ሸጊቱ ጽጌረዳ

ዶማ ይዞ ሚኒባስ የሚሳፈር ሰው ከረዳት አፍ አያመልጥም። ጥቅምት አሥራ ስምንት፣ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ መሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ዳባት ካለው ባለ እጅ ዘንድ ያሳሉትን ዶማ በማዳበሪያ ጠቅልለው ወደ ደባርቅ በሚሄደው መኪና ሊገቡ ሲሉ፣ ረዳቱ ረጅሙን ጥቅል አየና «የኔታ፣ መቋሚያዎ ዘንድሮ ወፍሯል!» አላቸው። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ያ ጎረምሳ የሚገባውን ያገኝ ነበር፤ መሪጌታ የቅኔ ሰው ናቸውና በመልስ አይታሙም። ያን ዕለት ግን አንገታቸውን ደፍተው ገቡና ዶማውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው ተቀመጡ።

ከጎናቸው የተቀመጠችው ወጣት ሰረቅ አድርጋ አየቻቸው፣ ደግማ አየቻቸው፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ሳመች።

«እንዴት ነዎት የኔታ? ረሱኝ አይደል?»

«ድምፅሽን የት እንደማውቀው እንጃ ልጄ። የማን ልጅ ነሽ?»

«የኪዳነ ማርያም ልጅ እሌኒ ነኝ። ከጥዱ ሥር ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ንባብ ላይ እንቅልፍ ሲጥለኝ ጆሮዬን ቆንጥጠው የሚቀሰቅሱኝ።»

«እንቅልፋሟ እሌኒ!» የመሪጌታ ፊት ለአፍታ በራ። «እደጊ፣ ተመንደጊ ልጄ! አሁን ምን ይዘሻል?»

«ጎንደር የተክል ነገር ተምሬ ደባርቅ ግብርና ውስጥ ሥራ ይዣለሁ። ተባይ ሲነሳ ገበሬው ማሳ ድረስ እሄዳለሁ። ዶማውስ የኔታ? የቁፋሮ ጊዜ አይደለም። ለቀብር ነው እንዳልል ክፉ ነገር አልሰማሁም።»

«ክፉማ አለ» አሉ መሪጌታ። «የሸጊቱን ጽጌረዳ ልነቅልበት ነው።»

እሌኒ ክው አለች። ያን ጽጌረዳ የማያውቅ የጥድ በር መንደር ልጅ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት መሪጌታ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸው ነበር። መጽሐፍ ሲገልጡ ፊደሉ እየተርመሰመሰ አልነበብ አላቸው። ለቅኔ መምህር ከዚህ የከፋ ምን አለ? ባለቤታቸው እመት ሸጊቱ ጥድ በር ማርያም ደጅ ተንበርክከው፣ «የባሌን ዓይን ማሪልኝ፤ እኔ በሕይወት እስካለሁ እኔ፣ እኔ ባልኖር እሱ፣ በየዓመቱ በጽጌ መጨረሻ እሑድ ሥዕልሽን በጓሯችን ጽጌረዳ እናስጌጣለን» ብለው ተሳሉ። ጎንደር ሐኪም ቤት ሄደው ሞራው ተገፈፈ፤ ብርሃናቸው ተመለሰ። ሸጊቱም ጽጌረዳውን ተከሉ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያ ተክል አላሳፈራቸውም፤ የሥዕሉ ዙሪያ በቀይ አበባ ተሸፍኖ ሰው ሁሉ ያደንቅ ነበር። ሸጊቱ ካረፉ ወዲህ ግን ነገሩ ተበላሸ። በመጀመሪያው ዓመት አበባው ሳሳ። ባለፈው ዓመት መሪጌታ አምስት ብቻ፣ ያውም ዳር ዳሩ የተበላ፣ ይዘው ገቡ። ዘንድሮ የመጨረሻው እሑድ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶት አንድም ደህና አበባ የለም።

«እመቤቴ የሸጊቱን እጅ ትቀበል ነበር» አሉ መሪጌታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የእኔን ግን ገፋችው። ሰሞኑን ደግሞ ዓይኔን ብዥ ይለኛል። ምልክት ነው ልጄ። የተገፋ ስለት ጓሮዬ ውስጥ አቁሜ በየቀኑ ከማየው ነቅዬ ብገላገል ይሻላል።»

«ቆይ፣ ቆይ የኔታ። አበባው ደርቆ ነው የጠፋው ወይስ ተበልቶ?»

«ይበላል እንጂ። የጽጌ እንግዶች መጥተው ይበሉታል።»

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይደናገር ስለ እንግዶቹ ልንገረው። በጥድ በር አበባ ሲፈካ ተከትለው የሚመጡ፣ ጀርባቸው እንደ ነሐስ የሚያብለጨልጭ፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህሉ ጢንዚዛዎች አሉ። በጽጌ ጾም ስለሚመጡ ሰው «የጽጌ እንግዳ» ይላቸዋል፤ አይገድላቸውም። መሪጌታማ ይብስባቸዋል። ጠዋት ጠዋት ከኪዳን ሲመለሱ በጭራቸው ቀስ አድርገው፣ ልጅ የሚያባብሉ ይመስል፣ ከአበባው ላይ ያራግፏቸዋል። ይህን አድርግ ያላቸው መጽሐፍ የለም። አባታቸው እንዲህ ያደርጉ ነበር፣ የአባታቸውም አባት። ልማድ ሽማግሌ ስለሆነ ሁሉም ብድግ ብሎ ያስቀምጠዋል እንጂ፣ ከየት መጣህ ብሎ የሚጠይቀው የለም።

«እስቲ ልየው» አለች እሌኒ። «ሰው እንኳ ሳይመረመር አይቀበርም። ቢሮ ደውዬ ከሰዓት እገባለሁ እላለሁ።»

«ምን ሊጠቅመኝ?»

«ምንም ካልጠቀመ ዶማው አብሮን አለ።»

ይህ አባባሏ ደስ አላቸው። ጥድ በር ሲደርሱ አብረው ወረዱ።

ጽጌረዳው ከጓሮው አጥር ሥር በሰው ቁመት ቆሟል። ግንዱ ጤነኛ ነው፤ ቅጠሉም ለምልሟል። ከሥሩ የከብት ፍግ ጉልበት ድረስ ተቆልሏል፤ አበባው በሳሳ ቁጥር መሪጌታ ራበው ብለው ይጨምሩበታል። አበቦቹን ግን ማየት ያሳዝናል፤ የተቀዳደደ ጨርቅ መስለዋል። እሌኒ አንዱን ጎንበስ አድርጋ ብታየው አንድ ጢንዚዛ ራሱን ከእምብርቱ ቀብሮ፣ ቂጡን ወደ ሰማይ አድርጎ ይበላል።

«እንግዳውስ ተመችቶታል» አለች።

መሪጌታ ጭራቸውን መዝዘው በእርጋታ ነካ ነካ አደረጉት። ጢንዚዛው ወደቀ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛውም ወደቁ። እሌኒ ዓይኗን ከመሬቱ አልነቀለችም።

«የኔታ፣ ሲያራግፏቸው የት ይሄዳሉ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የእግዜር ፍጥረት ናቸው፤ መንገዳቸውን ያውቃሉ።»

«ለምን አይገድሏቸውም?»

«አንቺ ልጅ! በጽጌ ጾም፣ በእመቤታችን አበባ ላይ የተገኘውን? እናንተ የተማራችሁ እንደሆነ ከመግደል በቀር ሌላ አታውቁም። ገበሬው ገዱ ለስንዴው ከገዛው መርዝ ተርፎኛልና ልርጭልህ ቢለኝ ነው ያባረርኩት። ንቦቹ ምን በወጣቸው?»

«ደግ አደረጉ። አበባ ላይ መርዝ አይረጭም። ንቡም ያልቃል፤ አበባውም ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ሰው ሊያሸትተው፣ ሊሳለመው ነው። እኔም መርዝ አላመጣሁም።» ከዚያ ሌላ ጥያቄ አነሳች። «የዕቃ ቤቱን የብራና መጻሕፍት አሁንም እርስዎ ነዎት የሚጠብቁት?»

«እኔ ነኝ።»

«ብል ገብቶባቸው ያውቃል?»

«ኧረ ብል አያድርስብሽ! ባለፈው ግንቦት ገብቶ አንዱን ሊጨርሰው ነበር።»

«እና ምን አደረጉት? በጭራ አራገፉት?»

«በጭራ? ብራናውን ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ ቅጠል በቅጠል ገልጬ፣ ያገኘሁትን ሁሉ በጥፍሬ ደፍጥጬ ነው እንጂ!»

«ያውም ከቤተ መቅደስ አጠገብ። ብልስ የእግዜር ፍጥረት አይደለም የኔታ?»

ጉባኤ ላይ ስንቱን ሊቅ ያፋጠጡ ሰው፣ ጆሮዋን ሲቆነጥጧት በነበረች ልጅ ተያዙ።

«ብል ሌላ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ብል ቃሉን ይበላል።»

«ይህስ ስለቱን እየበላ አይደል?»

መሪጌታ የተበላውን አበባ በጣታቸው አገላበጡት። ሽማግሌ ቶሎ አይሸነፍም፤ ባይሆን ነገሩን ያላምጠዋል። እሌኒም ገብቷት አልገፋችም። ስልኳን አወጣችና አንድ ቅጠል ፎቶ አንስታ፣ አጉልታ አሳየቻቸው።

«እኔ ሁሉን ግደሉ አልልም። ይህን ቅጠል ይዩት፤ ጠርዙ በመቀስ የተቆረጠ ይመስል ክብ ሆኖ ተወስዷል። ይህን ያደረገው ጢንዚዛ አይደለም፤ አንድ ዓይነት ንብ ናት፤ ለጎጆዋ ወስዳው ነው። እሷን አንነካትም። ይቺን ቀይ ነጠብጣባምስ ያውቋታል?»

«እሷንማ አውቃታለሁ። አንዳንዴ በብዛት ትመጣለች።»

«እሷ ራሷ ጢንዚዛ ናት፤ ግን ወዳጅ ናት። ቅጠሉን የሚመጥጠውን አረንጓዴ ቅማል እየለቀመች ትበላልዎታለች። ነቀዝም ጢንዚዛ ነው፤ ጎተራ ይጨርሳል። ስማቸው አንድ ስለሆነ ሁሉም ጠላት አይደለም፤ በጽጌ ስለመጣም ሁሉም እንግዳ አይደለም። ማን ምን እንደሚበላ ለይቶ ማወቅ ነው ነገሩ።»

ይህ ንግግር መሪጌታን ለስለስ አደረጋቸው። መለየት የሚለውን ቃል የቅኔ ሰው ይወደዋል።

«ጥሩ» አሉ። «ከየት ይመጣሉ ታዲያ? በሸጊቱ ጊዜ ሁለት ሦስት ብቻ ነበሩ። አሁን ሠራዊት ሆነዋል።»

«እስቲ ዶማውን ያውሱኝ።»

መሪጌታ ማዳበሪያውን ፈትተው ዶማውን እየሰጉ ሰጧት። ሥሩን የምትመታው መስሏቸው ነበር። እሷ ግን ከግንዱ ራቅ ብላ ፍጉ ላይ አሳረፈችውና ገለበጠችው። እንፋሎቱ ቦለል ብሎ ወጣ፤ ከእንፋሎቱ ጋር የሕፃን ጣት የሚያህሉ፣ እንደ ቀለበት የተጠቀለሉ፣ ራሳቸው ቡናማ የሆነ ነጫጭ ትሎች ተዘረገፉ። መሪጌታ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ መቁጠር ጀምረው ሃያ ሲደርሱ ተዉት።

«ይህ ደግሞ ምን ጉድ ነው?»

«የእንግዶችዎ ልጆች ናቸው» አለች እሌኒ። «ጢንዚዛው እንቁላሉን የሚጥለው እንዲህ ባለ ትኩስ ፍግ ውስጥ ነው። ትሉ ፍጉን እየበላ ይወፍራል፤ ኋላ ቆዳውን ለውጦ፣ ክንፍ አውጥቶ ይወጣል፤ ወጥቶም ከራሱ በላይ የሚያገኘው የእመት ሸጊቱን አበባ ነው። እርስዎ በጭራ ሲያራግፏቸው የሚወድቁት እዚሁ ነው። ሲገቡ አይቻቸዋለሁ።»

መሪጌታ ጭራቸውን አዩት። ፍጉን አዩት።

«እኔ ነኝ እንዴ ያሳደግኋቸው?»

«ለጽጌረዳው ብለው ነው የኔታ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ እያቀፍኩ ስሸከም! ወይ እኔ!» አሉና ከድንጋዩ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ግን ቀና ብለው ያዩዋት ጊዜ ፊታቸው ላይ ሌላ ነገር ነበር፤ እንደ ሕፃን ነው የጠየቋት። «እንግዲያ እመቤቴ አልተቀየመችኝም ማለት ነው?»

እሌኒ አጠገባቸው ቁጭ አለች። «እንዴት ትቀየም? ተባይ እኮ ነው የኔታ። ተባይ ብቻ ነው።»

እንግዲህ ልመናው ተገለበጠ፤ አሁን የምትለመነው እሌኒ ሆነች። ምን ላድርግ? ከምን ልጀምር? አሏት። ዘጠኝ ያልፈኩ እምቡጦች ቀርተዋል፤ እነሱን ማትረፍ ይቻል እንደሆነ ጠየቋት። እሌኒም ሳፋ አስመጣች፣ ውኃ ሞላችበት፣ ሳሙና አሟሟችበት፤ ጢንዚዛውን እየያዙ ከዚህ መክተት ነው አለች። ሰዓቱ ቀትር ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል፤ ፀሐዩ ይፋጃል። እጇን ዘርግታ የመጀመሪያውን ልትይዝ ስትል ጢንዚዛው ዝዝ ብሎ በረረ። ሁለተኛውም በረረ። ሦስተኛው ሻሿ ውስጥ ገብቶ አስጮኻት። መሪጌታ በነጠላቸው ሲያባርሩ ሳፋውን ረግጠው ደፉት።

ከአጥሩ ማዶ የሳቅ ድምፅ ተሰማ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ፋንታዬ ናቸው። ከመሪጌታ ጋር ከተነጋገሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ምክንያቱ ዶሮ ነው። የፋንታዬ ዶሮዎች በአጥሩ ቀዳዳ እየገቡ ፍጉን ስለሚጭሩ መሪጌታ በድንጋይ ያባርሯቸው ነበር፤ አንድ ቀን የአንዷን እግር ሰበሩ።

«ምን ያስቅሻል ፋንታዬ?» አሉ መሪጌታ ተቆጥተው።

«የቀትር ጢንዚዛ ሊይዙ ሲሉ አይቼ ነዋ! ሸጊቱ ብታይዎት በሳቅ ትሞት ነበር። በውርጭ እኮ ነው የሚለቀመው።»

«ማን ለቅሞት ያውቃል?»

«ማንማ፣ ሸጊ…» ፋንታዬ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ግን አንዴ ከአፍ ወጥቷል፤ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ?

«ተናገሪ» አሉ መሪጌታ።

ፋንታዬ በቀዳዳው ገብተው መጡ። ድምፃቸው ተለወጠ። «ለማንም አልናገርም ብዬ ምዬላት ነበር፤ ግን ሟች ይቅር ትበለኝ። እርስዎ ኪዳን ሲሄዱ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሸጊቱ ጣሳ ይዛ ትወጣ ነበር። በዚያ ውርጭ ጢንዚዛው ደንዝዞ ክንፉን መዘርጋት ያቅተዋል፤ ቅርንጫፉን ስትመታው ዝርግፍ ይላል። ጣሳው ሲሞላ ለዶሮዎቼ ትሰጥልኛለች። ሁለት ሦስቱን ብቻ አበባው ላይ ትተዋቸዋለች።»

«ለምን ትተዋቸዋለች?»

«እርስዎ ከኪዳን ሲመለሱ በጭራዎ እንዲያራግፏቸው ነዋ!»

ፋንታዬም የጀመሩትን ሊጨርሱ ቀጠሉ። «ፍጉንም እንዲህ ትኩሱን አትቆልልበትም። ከወዲያ ጥግ ዓመት ታቆየዋለች፤ ዶሮዎቼን ጥሬ በትና ትጠራቸውና ይጭሩታል፣ ትሉን ይለቅሙታል፤ አፈር ሲመስል በወንፊት ነፍታ ስስ አድርጋ ታለብሰዋለች። እርስዎ ደግሞ ዶሮዎቼን በድንጋይ!»

«ደበቀችኝ?» አሉ መሪጌታ። «ሸጊቱ እኔን ደበቀችኝ?»

«ምን ታድርግ? ቢነግሩዎት ይሰሙ ነበር? 'ልቡ ይሰበርብኛል፤ እሱ እንግዶቹን ያክብር፣ እኔ ስለቱን ላክብር' ትለኝ ነበር።»

ያን ጊዜ መሪጌታ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። በየዓመቱ በጥቅምት ከኪዳን ሲመለሱ ሸጊቱ በር ላይ ተቀብላ እጃቸውን ስትይዝ እጇ በረዶ ነበር። «በጥቅምት አንድ አጥንት ይሉሻል፤ ምን አስወጥቶሽ ነው እንዲህ የቀዘቀዝሽ?» እያሉ ያሾፉባት ነበር። እሷም ሳቅ ብላ ወደ ምድጃው ታስገባቸዋለች። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሆነ። ያን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው አሙቀውታል፤ ለምን እንደቀዘቀዘ ግን አንድ ቀን እንኳ ከልብ አልጠየቁም። መሪጌታ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው አለቀሱ።

«የኔታ» አለች እሌኒ ቆይታ፣ «እኔ አራት ዓመት ተምሬ የያዝኩትን እሳቸው በጣሳና በወንፊት ጨርሰውታል። ሰዓቱንማ እኔ ራሴ ተሳስቻለሁ። ትምህርት ቤት ጧት ልቀሙ ብለውናል፤ ግን የደባርቅን ውርጭ ረስቼ በቀትር ወጣሁ። ዛሬ ከእርስዎ ይልቅ እኔ ነኝ የተማርኩት።»

መሪጌታ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ተነሱ፤ ወደ ፋንታዬ ዞሩ። ቃላቸው አጭር ነበር፤ ለእሳቸው ግን ከቅኔ ዘረፋ ይከብዳል። «ፋንታዬ፣ ስለ ዶሮዋ ይቅር በይኝ። ዶሮዎችሽን ላኪልኝ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ ፋንታዬ። «ሰባራዋንም እልካታለሁ፤ ከሁሉ የምትጭረው እሷ ናት።»

ከሰዓት በኋላ ያ ዶማ የተሳለበትን ሥራ ትቶ ሌላ ሥራ ሠራ። ትኩሱ ፍግ ከጽጌረዳው ሥር ተዝቆ ወደ ጥግ ተወሰደ፤ ዶሮዎቹ ገብተው እስኪጠግቡ ለቀሙ። መሪጌታ ከሳጥን የሸጊቱን አሮጌ ነጠላ አወጡ። መቀሱን ይዘው ለጥቂት ጊዜ ቆሙ። ከዚያ ቀደዱት። ስሱን ጨርቅ በዘጠኙ እምቡጦች ላይ ላላ አድርገው አሰሩላቸው፤ ጨርቁ አየርና ብርሃን ያስገባል፣ ጢንዚዛውን ግን አያስገባም።

በማግስቱ፣ ገና የኪዳኑ ደወል ሳይደወል፣ መሪጌታ ጣሳ ይዘው ወጡ። ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ቅርንጫፉን አንዴ መታ ቢያደርጉት ጢንዚዛዎቹ ልክ ፋንታዬ እንዳሉት ዝርግፍ አሉ። የመጀመሪያውን አንስተው ሲይዙት ልባቸው ፈራ፤ ግን አልለቀቁትም። ጣሳው ግማሽ ድረስ ሞላ። በሦስተኛው ቀን ከጣሳው ግርጌ ትንሽ ብቻ ነበር። በሳምንቱ ጣሳው ውስጥ አራት ጢንዚዛ ተገኘ።

የጽጌ የመጨረሻ እሑድ ደረሰ። ከዘጠኙ እምቡጦች ሁለቱን ብርድ መታቸው፤ ሰባቱ ፈኩ። ሰባት አበባ ሥዕሉን አይሸፍንም። ግን አንድም የተበላ አልነበረባቸውም፤ መሪጌታ ማኅሌቱ ሊጀመር ሲል በእጃቸው ይዘው ገብተው ከሥዕሉ ግርጌ ሲያኖሯቸው፣ እሌኒ ከሴቶቹ በኩል ቆማ እያየች እልል አለች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት።

ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ መሪጌታ አውደ ምሕረት ላይ ወጡ። ሕዝቡ የጽጌን ትምህርት ጠብቋል፤ እሳቸው የጀመሩት ግን ከፍግ ነው።

«ወገኖቼ፣ ፍጋችሁን በትኩሱ በተክል ሥር አትቆልሉ። ከጥግ አቆዩት፣ ገልብጡት፣ ዶሮ አስጭሩት፤ ትሉ ያልቃል፣ ፍጉም በስብሶ ለተክል የሚስማማ ይሆናል። የጽጌ እንግዳ የምትሉትን ጎህ ሲቀድ በብርዱ ልቀሙት፤ አንድም ብር አያስወጣችሁም፣ ንባችሁም አይሞትም፣ ዶሮአችሁም ይወፍራል። እምቡጡን በስስ ጨርቅ ጋርዱት። ነጠብጣቢቱንና ንቢቱን ተዉአቸው፤ ወዳጅ ናቸው። ጽጌረዳ ያለው ጽጌረዳውን፣ አትክልት ያለው አትክልቱን በየቀኑ ጎንበስ ብሎ ይይ። ነገር ሲበላሽበት የእግዜር ቁጣ ነው ከማለቱ በፊት ቅጠሉን ገልብጦ ይይ። የማያውቀውን ደግሞ ያወቀውን ይጠይቅ፤ ያወቀው ልጁ ብትሆንም፣ ጎረቤቱ ብትሆንም፣ ሚስቱ ብትሆንም።»

እዚህ ሲደርሱ ፊታቸውን ወደ ሴቶቹ አዞሩ።

«እመቤቴ ዓይኔን የመለሰችልኝ እንዳይበት ነበር» አሉ። «እኔ ግን ዘጠኝ ዓመት የገዛ ሚስቴን እጅ አላየሁም።»

ሌላ ቃል ሳይጨምሩ ወረዱ። ከዚያ ወዲህ በጥድ በር ብዙ ጓሮ ውስጥ ፍግ ከጥግ ይቆያል፤ እሌኒም በወር አንድ ጊዜ እየመጣች ገበሬውን ታያለች፤ ከመሪጌታ ጽጌረዳም አራት ቤት ቁራጭ ወስዶ ተክሏል፤ የመጀመሪያው የፋንታዬ ነው። መሪጌታ ጭራቸውን ዛሬም አልጣሉትም፤ ዝንብ ያባርሩበታል።

ከዚያ እሑድ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት ውርጩ ሳይነሳ፣ የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ወልደ ገብርኤል መሪጌታን የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ አግኝተው ሰላም ሲሏቸው ደነገጡ።

«የኔታ! እጅዎ ምነው እንዲህ በረዶ ሆነ?»

መሪጌታ እጃቸውን አልሳቡም።

«የሸጊቱን ሥራ ይዤ ነው» አሉ፤ ወደ ውስጥም ገቡ።